ዘጠኝ ከመቶ

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በደሴ ከተማ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ በቆሙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ፣ ከአራት ቤት በአንዱ የበረራ ወንበር ነበረ። ወንበሩ የሚቀመጠው ቀድሞ ሶፋ በነበረበት ማእዘን ነው። በራሪው ከዚያ ሳይነሣ፣ ነጂ የማይሳፈርባትን ሄሊኮፕተር ከሠላሳና ከአርባ ኪሎ ሜትር ርቀት ይመራል። መንገዶቹ በናዳ ተቆርጠው ከቀሩ ወዲህ፣ የደጋው ቀበሌዎች እህላቸውንም መድኃኒታቸውንም በሽተኞቻቸውንም የሚያጓጉዙት በዚሁ ነበር። ሄሊኮፕተሮቹ በራሳቸው መብረር አያቅታቸውም፤ ነገር ግን በሽተኛ በተጫነ ጊዜ የሰው እጅ እንዲመራቸው ሕጉ ያዝዛል።

በሽተኛ የጫነ በራሪ በበሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ያንጠለጥላል። ጨርቁ ተንጠልጥሎ ሳለ በዚያ ደረጃ የሚወጣ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ይወጣል፤ በርበሬ አይወቀጥም፤ ልጅ አይቆጡም። በራሪው እጁን ከመሪው ማንሣት ስለማይችል ሚስቱ ታጎርሰዋለች፤ እርሱም ሄሊኮፕተሯ የምታየውን ከሚያሳየው መስተዋት ዐይኑን ሳይነቅል ይጎርሳል። አንድ ጊዜ በሁለተኛው ፎቅ ሰው ሞቶ፣ ቤተ ዘመዱ አፉን በነጠላ ይዞ ሦስት ሰዓት ቆየ። ቀዩ ጨርቅ ሲወርድ ለቅሶው ተጀመረ። ይህም እንደ ጭካኔ አልተቆጠረም፤ እንዲያውም ጨዋዎች ተባሉ።

ከውጭ የሚመጣውን ወንበር የሚገዛ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ሰዉ ወንበሩን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። መሪው ዘንግ የውሃ ቧንቧ ነው። ሄሊኮፕተሯን የሚያወጣውና የሚያወርደው ማንሻ ከአሮጌ መኪና የተፈታ የእጅ ፍሬን ነው። ፔዳሎቹ ከልብስ ስፌት መኪና መርገጫ ይቆረጣሉ፤ ዘንጉን ወደ መካከሉ የሚመልሱት ሞላዎች ከአልጋ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ ሳይታወቅ ይዛነፋል። ስለዚህ የደሴ ቤት በራሪዎች ማኅበር አንድ ጽኑ ሥርዓት ነበረው፤ ማንም የራሱን ወንበር ራሱ አይለካም። በየስድስት ወሩ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ይለካል፤ ያስተካክላል፤ ማኅተሙን ያሳርፋል። ያተመ ሰው ዋስ ነው። በራሪው ተከሶ በማኅበሩ ፊት ሲቆም፣ ያተመለት ሰው በቀኙ ይቆማል።

ላቀው መንበሩ ከእነዚህ ለኪዎች አንዱ ነበረ። ዕድሜው አርባ አምስት ነው፤ ማኅተሙም የተከበረ ነው። በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመለኪያ ሣጥኑን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ወጣና የጋሽ ይመር ሰብስቤን በር አንኳኳ።

ጋሽ ይመር ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። በሰፈሩ የመጀመሪያውን ወንበር የሠሩ እርሳቸው ናቸው። ላቀው ቧንቧ በሞረድ ማለስለስ እንኳ በማያውቅበት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተቀብለው፣ መሥራቱንም መለካቱንም ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው።

«ለኪ ሆንኩ ብለህ እንደ እንግዳ ማንኳኳት ጀመርክ?» አሉ ጋሽ ይመር በሩን ከፍተው። «ገፋ አድርገህ አትገባም?»

«ገፋ ባደርገው በሩ ይወልቃል ብዬ ነው፣ ጋሼ። እርሱንም እርስዎ ነዎት የሠሩት።»

«ስማው እንግዲህ፣ ደብሬ!»

ሚስታቸው እትዬ ደብሬ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ቁርስ ሳይቀምስ ወንበሩን እንዳይነካ።»

«እትዬ፣ ባለፈው ያበሉኝ ገና አልወረደም።»

«አልወረደም? ታዲያ የት አስቀመጥከው? ሸንበቆ አክለሃል እኮ።»

ላቀው እየሣቀ ወደ ሥራው ገባ። ፔዳሎቹን ፈተሸ፤ ደኅና ናቸው። ማንሻው ትንሽ ይወርድ ነበር፤ ብሎኑን አጠበቀው። ከዚያ ወደ ዋናው ወደ ዘንጉ ደረሰ። የመለኪያውን መርፌ ከዘንጉ ሥር አሰረና የወረቀቱን ጥቅል ዘረጋ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ባለ ወንበሩ ዘንጉን ይዞ፣ ሳያነቃንቀው፣ መቶ ትንፋሽ ይቈጥራል። እጁ የረጋ እንደ ሆነ መርፌው ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል።

ጋሽ ይመር ዘንጉን ያዙ። መርፌው የመጋዝ ጥርስ ሠራ።

ላቀው መጀመሪያ የጠረጠረው ሞላውን ነው። ፈታው፤ በአዲስ ተካው። ራሱ ይዞ ቢሞክረው መስመሩ ቀጥ አለ። «እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፣ ጋሼ» አለ። ጋሽ ይመር ደገሙ፤ ጥርሱም ተመለሰ። ላቀው ዐይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ የሽማግሌውን ቀኝ እጅ ተመለከተ። አውራ ጣታቸው፣ ነፋስ እንደነካው ቅጠል፣ በዝግታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ይመር በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ተለኪ ለኪው እስኪያሳየው ድረስ ወረቀቱን አያይም፤ ይህም ሥርዓት ነው።

«ወረቀቱ ምን አለ?» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ለኪው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ «እጅ» ብሎ ይጽፋል። ሁለት ፊደል ነው። ማኅበሩም ሐኪም ይልካል፤ በራሪውን በነፋስ ውስጥ ባዶ ሄሊኮፕተር አስይዞ ይፈትነዋል፤ የሚበቃ ከሆነ ያቆየዋል፤ የማይበቃ ከሆነ በክብር ያሰናብተዋል። ላቀው ይህን ለሌሎች ሦስት ሰዎች ጽፎ ያውቃል፤ እጁም አልተያዘም። አሁን ግን እርሳሱን እንደ ጨበጠ ቀረ። የሚጽፍባቸው ሰው እርሳስ አያያዝ ያስተማሩት ናቸው። ከጓዳ የእትዬ ደብሬ የሰሐን ድምፅ ይሰማል። ቀና ብሎ «እጅዎ ይንቀጠቀጣል» ማለት፣ አባትን ገበያ መካከል ልብስ እንደ ማስወለቅ ሆነበት።

«አዲሱ ሞላ ልኩን አልያዘም፣ ጋሼ» አለ። «አሁን አስተካክለዋለሁ።»

በማንኛውም ዘንግ መካከል ሙት ስፍራ የሚባል አለ። ዘንጉ በዚያ ውስጥ ቢነቃነቅም ሄሊኮፕተሯ አትሰማም። የእጅ ትርታና የደረት ትንፋሽ እንዳያውካት ሆን ተብሎ የሚተው ነው። ልኩ ከመቶ ሁለት ነው፤ ከዚያ ካለፈ የእጅን ትክክለኛ ትእዛዝም አብሮ ይውጣል። ይህን ለላቀው ያስተማሩት ጋሽ ይመር ራሳቸው ናቸው። ላቀው ሙት ስፍራውን ከሁለት ወደ ዘጠኝ ወሰደው። ከዚያም መርፌውን፣ እጅ የሚያደርገውን ሳይሆን ሄሊኮፕተሯ የምትሰማውን እንዲጽፍ አዞረው። ጋሽ ይመር ዘንጉን ሦስተኛ ጊዜ ያዙ፤ መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀና።

«ይኸው» አለና ወረቀቱን ገልብጦ አሳያቸው።

ጋሽ ይመር አጐንብሰው አዩት። ፊታቸው በራ። «እውነቱን ልንገርህ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ፈርቼ ነበር።»

ላቀው ማኅተሙን አሳረፈ፤ የቀረበለትንም በላ። ደረጃውን ሲወርድ ለራሱ የሚነግረው ምክንያት አላጣም። ጋሽ ይመር በአብዛኛው የሚጭኑት እህል ነው። ብርቱው ነፋስም ገና ነው። እስከዚያ ድረስ ቀስ ብሎ፣ በሰው በሰው፣ ዕረፍት እንዲወጡ ያስመክራቸዋል። ይሉኝታ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ደረጃው ግርጌ ሲደርስ ግን፣ የሚያውቀው ሰው ሰላም ሲለው ቀና ብሎ ማየት ከበደው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን በጋሽ ይመር በር ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ተረኛው በራሪ ታምሞ ነበርና እርሳቸው ተተኩ። የተጫነችው እንጉዳይ ተገኘ የምትባል፣ የጥድ አምባ ቀበሌ ሴት ናት። ትርፍ አንጀቷ ቆስሎ ሌሊቱን ስታቃስት ነበር ያደረችው። ጉዞው ሁሉ ደኅና ሄደ። በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ ሄሊኮፕተሯ ልታርፍ የሦስት ሰው ቁመት ሲቀራት፣ ከገደሉ ነፋስ ተነሣ። ሄሊኮፕተሯ ወደ ጐን ተንሸራተተች፤ ከዚያ በድንገት ተገለበጠችና በጐኗ ወደቀች። የሴቲቱ ቀኝ እግር ከሥሯ ተገኘ። ሐኪሞቹ በዚያው ቀን ሁለት ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ሆዷ ዳነ፤ እግሯ ከጉልበቷ በታች ቀረ።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የበረራው መዝገብ ጥቅል ለለኪው ይሰጣል፤ እርሱም ካተመበት ወረቀት ጋር ያስተያየዋል። ላቀው ጥቅሉን ሐሙስ ጠዋት በገበታው ላይ ዘረጋው። በጥቅሉ ላይ ሁለት መስመር አለ። የላይኛው እጅ ያደረገው ነው፤ የታችኛው ሄሊኮፕተሯ የሰማችው ነው።

በላይኛው መስመር ላይ ያ የመጋዝ ጥርስ አለ። ከጥርሱ መካከል ግን ሌላ ነገር ታየው። ነፋሱ ከግራ ሲመጣ እጁ ወደ ግራ ጋደል ብሏል፤ በጥቂቱ፣ በልኩ፣ ጊዜውን ሳያሳልፍ። ነፋሱ ሲደግም ደግሟል። አራት ጊዜ። አራቱም ትክክል ናቸው። በታችኛው መስመር ላይ፣ በእነዚያ አራት ቦታዎች ሥር፣ ምንም የለም፤ ክር የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ። በአምስተኛው ሽማግሌው ዘንጉን በኃይል ሳቡት። ይህን ሄሊኮፕተሯ ሰማች። ጊዜው ግን አልፎ ነበር፤ ልኩም በዝቶ ነበር።

እጁ እየተንቀጠቀጠ ነፋሱን ቀድሞት ነበር። ያጠፋው እጅ ሳይሆን፣ እጁን ሊሸፍን የተጋረደው መጋረጃ ነው። ላቀው ጥቅሉን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው። ቀኑን ሙሉም ከዚያ አላወጣውም።

ቅዳሜ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዘሃራ ሙሄ ናቸው፤ ራሳቸውም በራሪ ናቸው። ጋሽ ይመር ቆባቸውን አውልቀው በመካከል ቆሙ፤ ላቀው እንደ ዋስነቱ በቀኛቸው ቆመ።

«ጋሽ ይመር፣ እንደው ተቀምጠው ቢናገሩ ምን አለበት?» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ።

«ሠላሳ ዓመት ተቀምጬ ነው የሠራሁት። ዛሬ እንኳ ልቁምበት።» ጥቂት ሰው ሣቀ፤ ወዲያውም ሣቁን ዋጠ። ሽማግሌው ቀጠሉ። «ነገሩን አታስረዝሙት። የዚህ ልጅ ማኅተም ንጹሕ ነው። ወንበሩ ልክ ነበር። ያረጀው እጄ ነው። እኔ ይበቃኛል፤ ሴትየዋን ግን ማን ይካሳት?»

 ወይዘሮ ዘሃራ ወደ ላቀው ዞሩ። «ላቀው፣ ወንበሩ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር» አለ ላቀው።

«የመዝገቡን ጥቅል ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ።»

ወይዘሮ ዘሃራ እጃቸውን ዘረጉ። ላቀውም ወደ ደረት ኪሱ እጁን ሰደደ፤ በዚያች ቅጽበት፣ ከእጁ ቢወስዱለት፣ ደስ ባለው ነበር። ሰብሳቢዋ ግን ሽማግሌውን አንድ ጊዜ አዩና እጃቸውን መለሱ። «ይቅር። እርሳቸው አምነዋል። የአባትን ነውር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መመርመር ለእኛም አያምርብንም።» ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩ እንዲፈርስ፣ የጋሽ ይመርም ስም ከመዝገብ እንዲወጣ ተወሰነ። በጨዋነት ተጀመረ፤ በጨዋነት ተፈጸመ።

ከስብሰባው ሲወጡ አንድ ጐልማሳ በራሪ የላቀውን ትከሻ መታ አደረገ። «እንዲህ ነው እንጂ ዋስ። ሌላው ቢሆን ‹እኔ ነግሬአቸው ነበር› ብሎ ይሸሽ ነበር።» ላቀው አመሰገነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን የተናገሩ አበው፣ በንጹሕ ጐተራ ስለገባ ዝምታ ተናግረው ይሆናል። የላቀው በአንድ ሳምንት ነቀዘ።

ማኅበሩ የተጐዳ ሰው ቁስሉ ሲሽር መልእክተኛ ይልክለታል። ላቀው እኔ ልሂድ አለ። በሄሊኮፕተር እናድርስህ ቢሉት እንቢ ብሎ በእግሩ ወጣ፤ ሰዎቹም ይህን ትሕትና ነው አሉት። በአሮጌው መንገድ ሁለት ቀን ተጓዘ። አስፋልቱ በተሰነጠቀበት ሁሉ ገብስ ተዘርቶበታል። በናዳው ሥር ከተቀበረ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሰዎች ጤፍ አስጥተው ነበር።

እንጉዳይን ከቤቷ ደጅ፣ በግድግዳው ጥላ፣ ምስር ስትለቅም አገኛት። ሠላሳ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ እርሻ ውሎ አልተመለሰም። የተላከላት ሰው ሠራሽ እግር፣ እንደ ወለቀ ጫማ፣ ከጐኗ ቆሟል።

«ከማኅበሩ ነኝ» አላት።

«ይግቡ፤ ይረፉ» አለች። «በእግርዎ ነው የመጡት? ምነው፣ እናንተ ዘንድ የሚበር ነገር ጠፋ?»

«መራመድ ፈልጌ ነው።»

«እኔም።» ይህን ስትል አልሣቀችም። ዐይኑ ወደ ሰው ሠራሹ እግር ሲሄድ አየችና፣ «የእግሬን ምስል አንሥተው ወሰዱና ይህን ላኩልኝ። ያመኛል ስላቸው በልክሽ ነው የተሠራው ይሉኛል። የተሠራው በእነርሱ ልክ ሳይሆን አይቀርም» አለች። ከዚያም ወደ ቤት ዞር ብላ፣ «እንጀራ ላቅርብልዎ፤ እንግዳ ሳይበላ አይናገርም» አለች።

«ተናግሬ ስጨርስ ከሰጡኝ እበላለሁ» አለ ላቀው።

ነገራትም። ቆሞ ነገራት። ስለ አውራ ጣቱ፣ ስለ ሁለቱ ፊደል፣ ስለ ዘጠኙ፣ ስለ አራቱ ምልክት፣ በማኅበሩም ፊት ልክ ነበር ስለ ማለቱ። እንጉዳይ ምስሩን መልቀም አላቆመችም። ጠጠር ስታገኝ ወደ ጐን ትጥላለች። ሲጨርስ እጇ ቆመ።

«እኔ ያን የሽማግሌ እጅ ስረግም ነው የከረምኩት» አለች። «ጧትም ማታም። እጁ ይድረቅ ስል።»

ላቀው ወደ ጐን የተጣሉትን ጠጠሮች አየ።

«እጃቸው ትክክል ነበር?»

«ትክክል ነበር። አራት ጊዜ።»

«ይህን ነግረሃቸዋል?» አንቱታው ቀረ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ቤታቸው ከቤትህ ምን ያህል ይርቃል?»

«ሁለት ሕንፃ ነው።»

«ሁለት ሕንፃ።» አየችው። «ለእኔ ልትነግረኝ ሁለት ቀን ተጓዝክ። ሁለት ሕንፃ ግን መሄድ አቃተህ። እኔ አላውቅህም፤ እኔ ዘንድ ማፈር ቀላል ነው።» ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች። «የእኔ እግር አይመለስም፤ ይህን እኔም አንተም እናውቃለን። የእሳቸው እጅ ግን ይመለሳል። ተነሥና ሂድ።»

ላቀው ቆሞ ነበርና የሚነሣበት አልነበረም። ለመሰናበት እጅ ሲነሣ፣ «እንጀራ አልሰጥህም» አለችው፤ ድምፅዋም አልከረረም። «በልተህ ከሄድክ ይቅር ያልኩህ ይመስልሃል።»

ሁለቱን ቀን በገዛ ስንቁ ተመለሰ።

ደሴ የገባው እሑድ በስድስት ሰዓት ነው። ወደ ቤቱ ሳይገባ፣ የመንገድ አቧራውን ሳያራግፍ፣ አራተኛ ፎቅ ወጣ። የከፈቱለት ጋሽ ይመር ናቸው። ሰላም ሊላቸው እጁን ቢዘረጋ፣ ሽማግሌው መዳፋቸውን አጥፈው፣ እጁ እንደ ቈሸሸ ሰው፣ አንጓቸውን ሰጡት። ላቀው አንጓቸውን ይዞ ገባ።

«ለሁሉም እንዲህ ሆኗል» አሉ እትዬ ደብሬ ከሶፋው ላይ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኝ እጁን ለሰው አይሰጥም። የልጅ ልጆቹን እንኳ በግራው ነው የሚዳስሳቸው። እስቲ አንተ ንገረው፤ አንተን ይሰማ ይሆናል።»

ወንበሩ የለም። ጋሽ ይመር ፈቺ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ራሳቸው ፈትተውታል። ቧንቧው ለጐረቤት የልብስ ማስጫ ተሰጥቷል፤ ሞላዎቹ ወደ አልጋቸው ተመልሰዋል፤ ሶፋውም በቀድሞ ቦታው ተቀምጧል። በወለሉ ላይ የወንበሩ አራት እግሮች የቆሙበት ብቻ ነጥቶ ይታያል።

«አልቀመጥም፣ ጋሼ» አለ ላቀው፣ ማንም ሳይጋብዘው። ጥቅሉን ከኪሱ አወጣ። «እጅዎ አልነበረም።»

«እንግዲህ ልታጽናናኝ መጣህ? ተው።»

«ሙት ስፍራውን አስፍቼው ነበር። የእጅዎን መንቀጥቀጥ አይቼ፣ ለእርስዎ መንገር አፍሬ፣ አስፍቼ አተምኩት።»

ጋሽ ይመር ቀስ ብለው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወለሉ ላይ የነጡትን አራት ቦታዎች አዩ። «ስንት አደረግኸው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ከመቶ» አሉ፣ ድምፅ በሌለው ከንፈር። «እኔ ስንት ነበር ያስተማርኩህ?»

«ሁለት።»

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል ብትለኝ ምን እሆን ነበር?»

«ያፍራሉ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ባፍርስ?» ሽማግሌው ቀና አሉ። «ባፍርስ፣ ላቀው? ማፈር ማንን ገደለ?»

እትዬ ደብሬ አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ ላቀውን ያዩ ነበር። ነገሩ ገና አልገባቸውም። ላቀው ተንበርክኮ ጥቅሉን ወለሉ ላይ ዘረጋ። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አደረጉና ከሶፋው ወርደው ከወረቀቱ አጠገብ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ጣታቸው በላይኛው መስመር ላይ እየተንቀጠቀጠ ሄደ፤ በመጀመሪያው ምልክት ላይ ቆመ፤ ወደ ሁለተኛው አለፈ። መስመሩን አንድም ጊዜ አልሳተም። ከአራተኛው ሲደርሱ ጣታቸውን ወደ ታችኛው መስመር አወረዱና በባዶው ላይ አቆዩት።

«ለካ እያወቀች ነው የምትንቀጠቀጠው» አሉ። እጃቸውን አገላብጠው አዩአት፣ ከሩቅ አገር እንደ ተመለሰ ሰው። ከዚያ ፊታቸው ጠቈረ። «በማኅበሩ ፊት ከጐኔ ቆመህ፣ ይህ ወረቀት ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ስናገር እየሰማህ።»

«እየሰማሁ።»

ላቀው ስድብ ጠበቀ፤ ስድቡ ቢመጣ ባረፈ ነበር። ሽማግሌው ግን ሚስታቸውን ጠሩ። «ደብሬ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ይህ ልጅ የሚቈጥርልሽ ነገር አለው።» ወደ ላቀው ሳይመለከቱ ቀጠሉ። «ቅዳሜ በማኅበሩ ፊት ትቈጥራለህ፤ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ። ከዚያ ጥድ አምባ ለሴትየዋ።»

«ለእርሷ ነግሬያት ነው የመጣሁት።»

«ከእኔ በፊት?»

«ከእርስዎ በፊት።»

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁን ለደብሬ ቁጠርላት» አሉ። «ይህን ሁሉ ጊዜ እጄን ስትሸፍንልኝ የኖረች እርሷ ናት።»

እትዬ ደብሬ ነጠላቸውን ሰብስበው በወረቀቱ ማዶ ተቀመጡ። ላቀው ጣቱን በመጀመሪያው ምልክት ላይ አኖረ። አንገቱ ወደ ደረቱ ተቀብሯል፤ ጆሮው ግሏል።

«አንድ» አለ።

«አይሰማም» አሉ ጋሽ ይመር።

ላቀው እንደ ገና ከአንድ ጀመረ።